ከብራና እስከ ሸራ፤ የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወትና ሥራ

ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ መናገሻይቱ ከተማ ይዘረጋ የነበረው የምድር ባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ቀሪውን 23 ኪሎ ሜትር አጠናቅቆ አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በባቡር ከምሥራቅ የሚመጣ መንገደኛ፣ ነጋዴም ሆነ ሹም ወይም ተማሪ፣ ዋና ከተማዪቱን ከማየቱ በፊት የሚያያት አቃቂን ነበር። በሐዲዱ ላይ ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ መስታወትና የማሽን ዕቃ ተጭኖ ሲመጣ፣ ከዕቃው ጋር አዲስ ሐሳብም አብሮ ተጉዟል። ዕቃው ሲራገፍ ብዙ ጥያቄ አላስነሣም። ሐሳቡ ግን ሁልጊዜ እንደ ዕቃው በቀላሉ አልተራገፈም። ይህን በሕይወቱ ካስመሰከሩት ኢትዮጵያውያን መካከል የሐረሩ ተወላጅ ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አንዱ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ መጻሕፍትን በብራና ላይ በእጃቸው የሚጽፉና በሐረግና በሥዕል የሚያስጌጡ የጥበብ ሰው ነበሩ። የብራና ሥራ ምን ያህል ትዕግሥትና የዕቃ ዕውቀት እንደሚጠይቅ የሙያ ሰው ሁሉ ሊረዳው ይገባል። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት አውታር ላይ በጠፍር ተወጥሮ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ ደርቆ፣ ለስልሶ፣ መስመሩ በወስፌ ከተሰመረ በኋላ ነው መቃ ብዕር የሚያርፍበት። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ዕፀዋት ተቀምሞ ለረጅም ጊዜ እንዲብላላ ይደረጋል። ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ይቆያል። አንዲት ስሕተት የብዙ ቀን ድካም ስለምታበላሽ ሠራተኛው እጁን ብቻ ሳይሆን ትንፋሹንም መግዛት አለበት። ልጁ ገብረ ክርስቶስ ያደገው ይህን ሙያ ከቅርብ እያየ ነው።

ብራና ጸሐፊዎች በምዕራፍ መግቢያ ላይ የሚያኖሩት ሐረግ ምንን እንደሚያሳይ መጠየቅም ተገቢ ነው። ሐረግ ሰውን ወይም አራዊትን የሚመስል ሥዕል አይደለም። መስመር ከመስመር ጋር ተጠላልፎ፣ ቀለም ከቀለም ጋር ተፈራርቆ፣ ዓይንን በሥርዓት እየመራ የሚሄድ ንድፍ ነው። ትርጉሙ ከሚመስለው ነገር ሳይሆን ከራሱ አሠራር የመነጨ ነው። የሐረር እናቶች በግድግዳቸው ላይ የሚደረድሩት የሰፌድና የመሶብ ስፌትም እንዲሁ ነው። ኋላ ገብረ ክርስቶስን የባዕድ አገር ሥዕል አመጣህ ብለው የወቀሱት ሰዎች፣ በአባቱ መጽሐፍ ራስጌ ላይ ምን እንዳለ አላስተዋሉም ማለት ይቻላል።

በ1936 የፋሺስት ጦር ሐረርን ሲይዝ ገብረ ክርስቶስ ገና ሕፃን ነበር። አገሪቱ በ1941 ነፃ ከወጣች በኋላ መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ ፊቱን ያዞረው ወደ ትምህርት ነው። የተማረ የሰው ኃይል በጦርነቱ ዘመን ስላለቀ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ የተባለ ተማሪ ሁሉ ተመርጦ ወደ አዲስ አበባ ይላክ ነበር። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም፣ የሳይንስ ትምህርት የገባ ወጣት የቤተሰቡ ኩራት፣ የመንግሥትም ተስፋ ሆኖ ይቈጠር ጀመር። ገብረ ክርስቶስም በዚሁ ኮሌጅ የሳይንስ ተማሪ ሆኖ ገባ። ትምህርቱን ግን ሳይፈጽም ትቶ ወጣ። የተወውም ለሥዕል ብሎ ነው።

ይህ ውሳኔ በዘመኑ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመገመት የጊዜውን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። ሠዓሊ ሲባል ሕዝቡ የሚያውቀው ወይ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን የሚሥለውን፣ ወይ በመርካቶ ለሱቅ ሰሌዳ የሚጽፈውን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ በሥዕል የሚተዳደር ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንኳ አልነበረም፤ በቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት በ1957 ነው። እንግዲህ ወጣቱ የጨበጠውን ሙያ ለቆ ገና መንገድ ወዳልወጣለት ዱር ገባ ማለት ነው። ሳይንሱን የተወው ስለከበደው ነው የሚል ቢኖር፣ ከዚያ በኋላ ሥዕልን የሠራበት ጥብቅ ሥርዓት መልስ ይሆነዋል።

በዚያው በ1957 ገብረ ክርስቶስ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተጓዘ፤ እስከ 1961 ድረስም በኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ድብደባ እጅግ ከተጎዱት የጀርመን ከተሞች አንዷ ነበረች። ማዕከሏ አብዛኛው ፈርሶ፣ ታላቁ ካቴድራል ብቻ በፍርስራሽ መካከል ቆሞ ቀርቶ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በደረሰበት ጊዜ ከተማዪቱ እንደገና በመታነጽ ላይ ስለነበረች፣ ወጣቱ ኢትዮጵያዊ በየማለዳው የሚያየው የብረት መዋቅርና የግንባታ ማሽን፣ ጎን ለጎንም ያልተነሣ ፍርስራሽ ነበር።

ትምህርት ቤቱም የተመሠረተበት ሐሳብ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። በ1907 በሙኒክ የተቋቋመው የጀርመን የሥራ ማኅበር አርቲስቱን፣ የእጅ ባለሙያውንና ፋብሪካውን አስተባብሮ፣ ለዕለት ኑሮ የሚውለው ዕቃ ሁሉ በጥራትና በውበት እንዲሠራ የሚታገል ድርጅት ነበር። ታላቁን ኤግዚቢሽኑንም በ1914 ያሳየው በዚችው በኮሎኝ ነው። በዚህ መንፈስ በታነጹ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የዕቃውን ጠባይ ነው፤ እንጨት ምን ይችላል፣ ብረት ምን ይችላል፣ ቀለም በምን ላይ ይይዛል፣ አንድ ቅርፅ ከሌላው ጋር ሲጋጠም ሚዛኑ በምን ይጠበቃል። የብራና ጸሐፊው ልጅ ይህን ትምህርት ሲሰማ ፈጽሞ ባዕድ ሆኖበታል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ከዚህም ሌላ ጀርመን በሥዕል ረገድ ትልቅ ቁስል የተሸከመች አገር ነበረች። የናዚ መንግሥት በ1937 በሙኒክ ባዘጋጀው ትርኢት፣ ረቂቁንና የስሜት መግለጫውን ሥዕል የተበላሸ ጥበብ ብሎ አዋርዶ፣ ሥራዎቹን ከሙዚየሞች አስወጥቶ፣ ሠዓሊዎቹን አሳዶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ያ የተዋረደው ጥበብ በክብር ተመለሰ። ከ1955 ጀምሮ በካሰል ከተማ የሚደረገው ታላቅ የሥዕል ትርኢት ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ገብረ ክርስቶስ በዚያ ዘመን ጀርመን መገኘቱ፣ መንግሥት ሥዕልን ሲያዝዝ ምን እንደሚደርስ ከአገሪቱ ታሪክ ለመገንዘብ ዕድል ሰጥቶታል። ይህ ትምህርት ኋላ በራሱ ሕይወት ይመለስበታል።

በኮሎኝ ሥራዎቹን በትርኢት ካሳየና ትምህርቱን በከፍተኛ ውጤት ካጠናቀቀ በኋላ በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። በ1963 በአዲስ አበባ ያሳየው የሥዕል ትርኢት ግን ከተማዪቱን ለሁለት ከፈላት። ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙ ገንኖ የቀረው በዚያው ዓመት የተሠራው ጎልጎታ ነው። የስቅለት ሥዕል ለኢትዮጵያዊ ዓይን አዲስ ነገር አይደለም፤ በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ እመቤታችንና ዮሐንስ በግራ በቀኝ ቆመው፣ ሁሉም በታወቀ ሥፍራውና በታወቀ ቀለሙ ይታያል። በገብረ ክርስቶስ ጎልጎታ ግን ያ የተለመደ ሥርዓት የለም። ቀዩ ቀለም ገንፍሎ ወጥቶ አካሉን ውጦታል። ተመልካቹ የሚቀበለው የታሪኩን ትረካ ሳይሆን ሕመሙን ነው። አባቱ ለቅዱሳን ስም በጥንቃቄ ያቆዩት የነበረው ቀይ ቀለም፣ በልጁ እጅ እንደ ደም ፈሰሰ ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

የተነሣበት ወቀሳም ይኸው ነበር። ይህ ሥዕል ምንን ይመስላል፣ ኢትዮጵያዊነቱ የት ላይ ነው፣ ከፈረንጅ አገር የመጣ ፋሽን አይደለም ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ ለረጅም ዘመን የራሷን የሥዕል ሥርዓት ጠብቃ የኖረች አገር ልጇን እንዲህ ብላ ብትጠይቅ አያስደንቅም። ሆኖም በእነዚያው ዓመታት፣ ማለትም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መባቻ፣ በአቃቂ ሜዳ ላይ በሕንድ ባለ ሀብቶች ተሳትፎ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። የሽመና ማሽኑ ከባሕር ማዶ ሲገባ፣ የዶርዜንና የሸዋን ሸማኔ ሥርዓት አፈረሰ፣ ኢትዮጵያዊነቱ የት ላይ ነው ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልተሰማም። ማሽኑ የተመዘነው በሚሠራው ሥራ ነበር። ገብረ ክርስቶስ የሞገተው ለሥዕልም ይኸው ሚዛን እንዲሰጠው ነው። በእርሱ እምነት ሥነ ጥበብ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት እንጂ በአንድ አገር ድንበር የሚታጠር አይደለም፤ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊም ከዚህ ሀብት የመካፈልም ሆነ በዚህ ሀብት ላይ የመጨመር መብት አለው።

ረቂቅ ሥዕል ለመሐንዲስ ከሌላው ሰው ይልቅ ሊቀርበው የሚገባው ነገር ነው። መሐንዲስ አንድን ድልድይ ሲያሰላ የድንጋዩን መልክ፣ የወንዙን ድምፅ፣ የሚያልፈውን ሰው ፊት ይተዋል። ድልድዩ በወረቀቱ ላይ አንዲት ቀጥ ያለ መስመርና ጥቂት ቀስቶች ብቻ ይሆናል። መስመሯ ድልድዩን አትመስልም፤ ነገር ግን ድልድዩ ይቆም ወይም ይወድቅ እንደሆነ ከፎቶግራፍ ይልቅ እርሷ ትናገራለች። የማያስፈልገው ተጥሎ ሸክሙን የተሸከመው ብቻ ይቀራል። ገብረ ክርስቶስም በሸራው ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ መሐንዲሱ የሚፈልገው የክብደትን ኃይል ሲሆን ሠዓሊው የሚፈልገው የስሜትን ኃይል መሆኑ ነው። ደግሞም ሰውን የሚመስል ሥዕል መሣል ስላልቻለ ወደ ረቂቁ አልሸሸም። ሁለቱንም ዓይነት አሣሣል እንደየአስፈላጊነቱ ይሠራ ነበር።

ክርክሩ ባይበርድም ክብሩ ዘግይቶ አልመጣም። በ1964 ለሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የተሰጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማት፣ በ1965 ለገብረ ክርስቶስ ተሰጠ። በ1966 እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር፣ ተማሪዎች ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ታላላቅ መምህራን በአንድ ጊዜ አገኙ። እስክንድር ከአፈ ታሪክና ከጥንቈላ ጥቅልል፣ ከአፍሪካ መናፍስት ዓለም ሲቀዳ፣ ገብረ ክርስቶስ ለቅርፅና ለቀለም ሥርዓት አጥብቆ ይቆም ነበር። ኋላ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁት ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ባለቅኔውና ሐያሲው ሰሎሞን ደሬሳም በ1960ዎቹ ስለ ገብረ ክርስቶስ ሥዕልና ግጥም በጥልቀት ጽፏል።

ግጥሙን ሳያነሡ ስለ ሥዕሉ ብቻ መናገር የሰውየውን ግማሽ መተው ይሆናል። ገብረ ክርስቶስ በአማርኛ ግጥምም አዲስ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። ሀገሬ የተሰኘው ግጥሙ በኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ በተለይም በባዕድ አገር በሚኖሩት መካከል፣ እስከ ዛሬ በቃል ይወርዳል። በሥዕሉ ባዕድ ተባለ፤ ይሁን እንጂ የአገር ናፍቆት ለያዘው ሰው ሁሉ አፍ የሆነው እርሱ ነው። ወቃሾቹ ሥዕሉንና ግጥሙን አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጡ ኖሮ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ መቀዳታቸው ይገለጥላቸው ነበር።

በ1974 አብዮት ፈነዳ። መጀመሪያ ላይ ብዙ የጥበብ ሰዎች ለውጡን በተስፋ ተቀበሉት። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መንግሥት ከሠዓሊ የሚፈልገው ግልጽ ሆነ፤ ሥዕል ሰፊው ሕዝብ በቀላሉ የሚረዳው፣ ሠራተኛውንና ገበሬውን፣ መሪውንና ባንዲራውን የሚያሳይ የቅስቀሳ መሣሪያ መሆን ነበረበት። ረቂቅ ሥዕል የቡርዥዋ ቅንጦት ተብሎ ተፈረጀ። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን በየጎዳናው የወደቀው ወጣት ከየትምህርት ቤቱ የመጣ ነበር። በኮሎኝ ሳለ ስለ ሌላ አገር የሰማው ታሪክ በገዛ አገሩ በሌላ ስም ሲደገም አየ። ከ15 ዓመት በላይ ካስተማረ በኋላ በ1970ዎቹ መገባደጃ ላይ አገሩን ጥሎ ወጣ። ስደቱ በመጨረሻ ያሳረፈው በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ላውተን በተባለች ከተማ ነበር። በዚያም በመጋቢት ወር 1981 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ።

ሥራው ከሰውየው ጋር ተበታተነ። ከፊሉ በአገር ውስጥ፣ ከፊሉ በጀርመን፣ ከፊሉ በግለሰቦች እጅ ቀረ። ሥዕል ደግሞ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውኃ በመትነን ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በመጠንከር ነው። ይህም ሂደት ለብዙ ዓመታት ስለማይቆም ቀለሙ ከዓመት ወደ ዓመት እየተሰባበረ የሚሄድ ስስ ቅርፊት ይሆናል። ሸራው በክረምት እርጥበት ሲስብ ይዘረጋል፣ በበጋ ይሸበሸባል። ቅርፊቱ አብሮ መዘርጋት ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ይረገፋል። ስለዚህ ሥዕል የሚቀመጥበት ክፍል የእርጥበት መጠኑ በ50 በመቶ አካባቢ ሳይዋዥቅ እንዲጠበቅ፣ ፀሐይም በቀጥታ እንዳይመታው ያስፈልጋል። ይህ የሠዓሊ ሥራ አይደለም፤ የመሐንዲስና የቴክኒሻን ሥራ ነው።

በ2008 በጀርመን ተጠብቀው የቆዩት የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። የተረከባቸውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በስድስት ኪሎ አካባቢ ያቋቋመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በሠዓሊው ስም የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ብሎ ሰየመው። ለብዙ ዓመታት ያስተማረበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ዛሬ የመሥራቹን የአለ ፈለገ ሰላምን ስም ይዞ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተወለደ መሆኑ ሲታሰብ፣ የነገሩ መዞር ይታያል። ዲግሪ ሳይሰጠው ያሰናበተውን ተማሪ፣ ያው ተቋም ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ ቤት ሠርቶ ተቀበለው።

ይህን አቀባበል እንደ ፍጹም ካሣ መቁጠር ግን ስሕተት ይሆናል። የተመለሱት ሥዕሎቹ እንጂ ሰውየው አይደለም። ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሠዓሊ ገና ሊሠራ የሚችለው፣ ገና ሊያስተምር የሚችለው ትውልድ በስደት ምድር አብሮት ተቀበረ። ይህ ኪሳራ በሥዕል ሙያ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በእነዚያው ዓመታት ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና የዩኒቨርሲቲው መምህር በዚያው መንገድ ሄደዋል። ፋብሪካ ሲዘጋ ማሽኑ ይቆጠራል፣ ዋጋው ይመዘገባል፤ የሄደ ባለሙያ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ከአቃቂና ከቃሊቲ ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ባልደረባ፣ ከተማዪቱን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን አቋርጦ በዚያ ሙዚየም ውስጥ ጥቂት ጊዜ ቢያሳልፍ አይጸጸትም። በሥዕሎቹ ፊት ሲቆም ምንን ይመስላሉ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ምን ሸክም ተሸክመዋል ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ያገኛል። በሥራ ክፍሉም ከልማዱ የወጣ ንድፍ ይዞ የመጣ ወጣት ባልደረባ ሲያጋጥመው፣ ይህን የሐረር ብራና ጸሐፊ ልጅ ያስታውስ። ሰው በሕይወት ሳለ መንገድ መስጠት፣ ከሞተ በኋላ ሙዚየም ከመስጠት ይቀድማል።